ወንዙን ለማጽዳት ማን ተነሣ? የሲንጋፖር ወንዝና የቦት ኪ ሰፈር ጉዳይ

ስለ ወንዝ ዳር ሰፈሮች መልሶ ማልማት በተወራ ቁጥር የሲንጋፖር ወንዝ ስም ሳይነሣ አይቀርም። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በሁለት ፎቶግራፎች ነው፤ በአንደኛው ጥቁር ውሃ ላይ ጎን ለጎን የታጨቁ የጭነት ጀልባዎች ይታያሉ፣ በሁለተኛው ደግሞ የምግብ ቤት ጃንጥላዎች ረጃጅም የባንክ ሕንፃዎችን ከኋላቸው አድርገው ተደርድረዋል። በሁለቱ ፎቶግራፎች መካከል ያለው ጊዜ ስለ ውሃ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ልማት ተነሺዎች የሚነግረን ይበልጣል። ወንዙ የጠራው በዳርቻውና በተፋሰሱ የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎች በመነሣታቸው በመሆኑ፣ ጉዳዩን በሚገባ ለመመርመር ማን፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ወዴት እንደ ተነሣ፣ በተለቀቀው ቦታም ላይ ምን እንደ ተተከለ መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀልባ፣ ጣውላና የቀርከሃ እንጨት

ወንዙ ለስሙ የሚያንስ ነው፤ ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ባሕር ከሚገባበት አፍ ተነሥተን ወደ ላይ ስንወጣ በመጀመሪያ ቦት ኪ፣ ቀጥሎ ክላርክ ኪ፣ በመጨረሻም ሮበርትሰን ኪ የሚባሉ ሦስት የማራገፊያ ሰፈሮችን እናገኛለን። “ኪ” ማለት ጀልባ ተጠግቶ ጭነቱን የሚያወርድበት የተገነባ የውሃ ዳር ነው። ከሦስቱ አንጋፋው ቦት ኪ ሲሆን፣ ይህ ጥናትም ከሁሉ ይልቅ የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው።

እንግሊዞች በ1819 በደሴቲቱ ላይ የንግድ ጣቢያቸውን ሲያቋቁሙ የወንዙ ደቡባዊ ዳርቻ ረግረግ ነበር። በ1822 በተነደፈው የከተማ ዕቅድ ዘመን በአቅራቢያው የነበረ ኮረብታ ተንዶ አፈሩ ረግረጉን ለመሙላት ዋለ፤ ኮረብታው የነበረበት ቦታም የንግድ አደባባይ ሆነ፣ ዛሬ ራፍልስ ፕሌስ የሚባለው የፋይናንስ ማዕከል ነው። በተሞላው መሬት ላይ ቻይናውያን ነጋዴዎች ምድሩ ሱቅና መጋዘን፣ ፎቁ መኖሪያ የሆኑ ቤቶችን አንዱን ከአንዱ አያይዘው ሠሩ። በ1860ዎቹ ከሲንጋፖር የመርከብ ንግድ ሦስት አራተኛው የሚያልፈው በዚህች ጠባብ ዳርቻ ነበር። ዳርቻው እንደ ካርፕ ዓሣ ሆድ ጎበጥ ያለ በመሆኑ ነጋዴዎቹ ሀብት የሚከማችበት ገደኛ ቦታ እንደ ሆነ ያምኑ ነበር።

ትላልቅ መርከቦች ወንዙ ውስጥ መግባት ስለማይችሉ መልሕቃቸውን ባሕር ላይ ይጥላሉ። ጭነታቸውን እስከ መጋዘኖቹ የሚያመላልሱት ሆደ ሰፊ የእንጨት ጀልባዎች ሲሆኑ፣ በያንዳንዳቸው ፊት ላይ ጀልባው መንገዱን እንዲያይ በሚል እምነት ሁለት ዓይኖች ተሥለውባቸዋል። ጀልባው ዳር ሲጠጋ ከጎኑ እስከ መጋዘኑ ደረጃ ጠባብ ጣውላ ይዘረጋል። ኩሊው ጆንያውን ትከሻው ላይ ጭኖ፣ በእርምጃው ልክ ከፍ ዝቅ በሚለው ጣውላ ላይ እየተራመደ ይሻገራል፤ ጭነቱን ባደረሰ ቁጥር አንዲት የቀርከሃ እንጨት ይቀበላል፤ ቀኑ ሲያልቅ እንጨቶቹ ተቆጥረው ሒሳቡ ይታሰብለታል። የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ጀልባዎቹ በ1869 በተሠራው በካቬና ድልድይ ሥር ማለፍ ስለማይችሉ እስኪጎድል መጠበቅ ነበረባቸው። ድልድዩ ላይ ዛሬም ከብትና ፈረስ፣ እንዲሁም ከነጭነቱ ከ152 ኪሎ ግራም ገደማ በላይ የሚመዝን ማናቸውም ተሽከርካሪ እንዳያልፍበት የሚከለክል የብረት ማስታወቂያ ቆሟል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ማን ምን እየነዳ በዚያ ያልፍ እንደ ነበር ከብዙ የታሪክ ገጽ በተሻለ ይናገራል።

ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ይህ ሕይወት ወንዙን ገደለው። ብክለቱ አንድ ፋብሪካ ዘግቶ የሚገላገሉት ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ አጭር በሆነ ነበር። ነገር ግን ከላይ ከተፋሰሱ የአሳማና የዳክዬ እርባታ ቆሻሻ ይወርዳል፤ የፍሳሽ መስመር ያልደረሰባቸው መንደሮች መጸዳጃቸው ወደ ጅረቶቹ ይከፈታል፤ በየጓሮው ያሉ ትንንሽ ወርክሾፖች ዘይታቸውን በቦይ ይለቃሉ፤ አትክልት አከፋፋዮችና የመንገድ ላይ ምግብ ሻጮች ትራፊያቸውንና ሳህን ያጠቡበትን ውሃ እዚያው ይደፋሉ፤ የጀልባዎቹ ዘይትም ከላይ ይንሳፈፋል። የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሸሽ ደግሞ ጥቁሩ ጭቃ ከነሽታው ይገለጣል። እያንዳንዱ በካይ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ስለ ነበረ፣ ወንዙን አጸዳለሁ የሚል አካል ሁሉ ከብዙ ሺህ ሰዎች መተዳደሪያ ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ የማይቀር ነበር።

ዐሥር ዓመት

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1977 ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ የላይኛው ፒርስ የውሃ ማጠራቀሚያ ሲመረቅ ባደረጉት ንግግር፣ በዐሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ በሲንጋፖር ወንዝና በዚያው ከተማ በሚያልፈው በሌላው ወንዝ በካላንግ ዓሣ ማጥመድ እንዲቻል ጠየቁ። የግቡ አቀራረጽ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል። የውሃ ጥራት መለኪያ የሚያነብበው ባለሙያ ብቻ ነው፤ ዓሣ መኖርና አለመኖሩን ግን መንጠቆ የያዘ ሰው ሁሉ ያረጋግጠዋል፤ ስለዚህ ባለሥልጣናቱ በሪፖርት የሚሸሸጉበት ቀዳዳ አልነበራቸውም። ሥራውን እንዲያስተባብር የተመደበው የአካባቢ ሚኒስቴር ሲሆን፣ የሚኒስቴሩ ቋሚ ጸሐፊ ሊ ኤክ ቲየንግ ቤቶችን ከሚገነባው፣ ወደቡን ከሚያስተዳድረው፣ እርባታን ከሚቆጣጠረውና የከተማውን ፕላን ከሚያወጣው መሥሪያ ቤት ጋር ሥራውን አቀናጅተው መሩት።

ከሁሉ የሚበዛው ተነሺ ቤተሰብ ነበር። 26,000 ያህል ቤተሰቦች ከወንዙ ዳርቻና ከተፋሰሱ ተነሥተው፣ አብዛኞቹ በ1960 የተቋቋመው የቤቶች ልማት ቦርድ ወደ ሠራቸው ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ገቡ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የሰፈሩበት መሬት የራሳቸው ያልሆነ ነበሩ፤ ያም ሆኖ ካሳና የመንግሥት ቤት የማግኘት ቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል። ይህ የቸርነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሰፋሪን ያለ ምትክ ቦታ ማባረር ማለት ቆሻሻውን ከአንድ ጅረት ወደ ሌላ ጅረት ማዛወር ነው። የፍሳሽ መስመር የተዘረጋለት ቤት አስቀድሞ ተሠርቶ ሲጠብቃቸው ግን ቤተሰቡ ሲነሣ ብክለቱም አብሮት ያከትማል። እርግጥ ነው፣ ከጓሮ አትክልትና ከዶሮው ተለያይቶ በየወሩ የኪራይ፣ የውሃና የመብራት ሒሳብ የሚመጣበት ፎቅ ላይ መውጣት፣ በተለይ ለሽማግሌዎች፣ በካሳ የሚመዘን ለውጥ አልነበረም።

የመንገድ ላይ ምግብ ሻጮቹ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት ያለበት ነው ብዬ አምናለሁ። በተፋሰሱ ውስጥ 5,000 ገደማ የሚሆኑ ነጋዴዎች እስከ 1986 ድረስ ከመንገዱ ተነሥተው፣ የቧንቧ ውሃ፣ የፍሳሽ መውረጃና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ወዳላቸው የጋራ የምግብ አዳራሾች ገቡ። ሥራው በአንድ ጀንበር የተጀመረ አልነበረም፤ በ1968 እና በ1969 በመላ ሀገሪቱ የመንገድ ላይ ሻጮች ምዝገባ ተካሂዶ ስለ ነበር፣ ማን ምን እንደሚሸጥና የት እንደሚቆም ይታወቃል። ሻጮቹ ያነሡት ሥጋት ግልጽ ነበር፤ ደንበኛ በእግሩ ሲያልፍ ሽታው ስቦት ከሚቆምበት የመንገድ ዳር ተነሥተን አዳራሽ ውስጥ ብንገባ ማን ይመጣል የሚል ነው። ሥራቸውን የተዉም አሉ። አዳራሾቹ ግን የተሠሩት ሰው በሚበዛባቸው ሰፈሮች ውስጥ ስለ ነበር፣ ገበያው ቀስ በቀስ ተከትሏቸው ሄደ። ዩኔስኮ በ2020 የሲንጋፖርን የምግብ አዳራሾች ባህል በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ያሰፈረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሥራው ከነሙያውና ከነደንበኛው አብሮ መነሣት ችሏልና።

ለሌሎቹ እንዲህ አልሆነላቸውም። በካላንግ ተፋሰስ ውስጥ የነበሩት 610 የአሳማ እርባታዎችና 500 የዳክዬ እርባታዎች እንዲነሡ ሲደረግ፣ ከአሳማ አርቢዎቹ ከፊሎቹ በሰሜን ምሥራቅ ወዳለው ወደ ፑንጎል አካባቢ ተዛውረው ሥራቸውን ቀጠሉ። ይሁንና መንግሥት በ1984 የአሳማ እርባታን ጭራሹን ከሀገሪቱ ለማስወጣት ወሰነ፣ በ1990ም እርባታው አበቃ። ሁለተኛ ጊዜ መነሣት ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ አርቢው ያገኘውን ካሳ በአዲሱ በረት ላይ አፍስሶ ገና ሳይመልሰው ያ በረት ራሱ ይፈርሳል። ሁለቱ ውሳኔዎች በየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው ቢባልም፣ ከአርቢው ወገን ሆኖ ሲታይ ሁለቱም አንድ ማስታወቂያ ናቸው። ከእነዚህ ጋር 2,800 ያህል የጓሮ ወርክሾፖችና ትንንሽ ኢንዱስትሪዎችም ተነሥተዋል።

የጀልባዎቹ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ የቦት ኪ ልብ እነርሱ ነበሩና። በሴፕቴምበር 1983፣ 800 ያህል የጭነት ጀልባዎች ወንዙን ለቅቀው በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ወደሚገኘው ወደ ፓሲር ፓንጃንግ እንዲዛወሩ ተደረገ። ጀልበኞቹ አዲሱ ቦታ ለባሕር የተጋለጠ በመሆኑ ማዕበሉ ከለመዱት ረጋ ያለ ወንዝ ጋር እንደማይመሳሰል አማርረዋል። ወንዙ ዳር የነበሩት መጋዘኖችም ያለ ጀልባ ዋጋ ስለሌላቸው አብረው ዝም አሉ። ብዙ ጊዜ ይህ መነሣት ያንን የቆየ ሙያ እንዳጠፋው ተደርጎ ይነገራል፤ እኔ ግን ግማሹ እውነት ብቻ ይመስለኛል። በ1972 የታንጆንግ ፓጋር የኮንቴይነር ወደብ ሥራ ከጀመረ በኋላ ጭነት ከመርከብ በቀጥታ በክሬን ወደ ምድር መውረድ ስለ ቻለ፣ ጆንያ በትከሻ የሚያሻግረው ሰውና ጀልባው ገና ወንዙ ሳይጸዳ ገበያቸው እየጠበበ ነበር። የጽዳቱ ዘመቻ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ምናልባት ሃያ ዓመት ሊፈጅ ይችል የነበረውን ቀስ በቀስ መክሰም በአንድ ወር መጨረሱ ነው። ለጀልበኛው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ልጁን ሌላ ሙያ እያስተማረ ከሥራው የሚወጣና በተወሰነ ቀን ውጣ የተባለ ሰው እኩል አይሆኑም።

ሰዎቹ ከተነሡ በኋላ ያለው ሥራ የምህንድስና በመሆኑ ባጭሩ ሊታለፍ ይችላል። ከወንዙ ወለል ጭቃና የተከማቸ ቆሻሻ ተዛቀ፣ ዳርቻው ተጠገነ፣ የፍሳሽ መስመር ተስፋፋ፤ በባልዲ የሚወገድ መጸዳጃም በጃንዋሪ 1987 ከመላ ሀገሪቱ ቀረ። በሴፕቴምበር 1987 የጽዳቱ መጠናቀቅ ሲከበር፣ ሥራውን ለመሩት ባለሥልጣናት የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጠ። ወጪው፣ እንደ አቆጣጠሩ፣ ከ170 ሚሊዮን እስከ 300 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ድረስ ይነገራል። ዓሣም ተመልሷል።

ባዶው ዳርቻ

ከ1983 በኋላ ባሉት ዓመታት ቦት ኪ ጀልባ የሌለው የጀልባ ሰፈር ነበር። ቤቶቹ የረጅም ጊዜ እርጅና ተጭኗቸዋል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ከውሃው ጋር ምንም የማይገናኝ ሕግ ነበር። በ1947 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር ሕግ ለቆዩ ቤቶች ኪራይ መጨመርን ስለ ገደበ፣ ባለቤቱ ከሚሰበስበው ጥቂት ገንዘብ ላይ ጣሪያ ለማደስ ወጪ ማውጣት ኪሳራ ነበር፤ ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ አይነካውም። ሕጉ ጥበቃ ባደረገላቸው ሰዎች ጊዜ ጠቃሚ እንደ ነበር አልክድም፣ ነገር ግን ጣሪያው በየዓመቱ ይበልጥ የሚያፈስስበትን ሥርዓትም አብሮ ፈጥሯል። በቅርስ ክልሎች ደረጃ በደረጃ ከተነሣ በኋላ፣ በ2001 ሕጉ ሙሉ በሙሉ ተሻረ።

በ1970ዎቹ የነበረው የከተማ ፕላን አስተሳሰብ ቀጥሎ ቢሆን፣ ከጎኑ ራፍልስ ፕሌስ እየገሰገሰ በነበረበት ሰዓት ቦት ኪ ፈርሶ ሌላ የቢሮ ማማ በተተከለበት ነበር። የከተማ መልሶ ልማት ባለሥልጣን ግን በ1986 የቅርስ ጥበቃ ዕቅድ ይፋ አደረገ፣ ጁላይ 7 ቀን 1989 ደግሞ ቦት ኪና ክላርክ ኪ ከሌሎች ሰፈሮች ጋር በሕግ የተጠበቁ የቅርስ ክልሎች ሆኑ። ባለቤቶቹ ቤቱን በተቀመጠው መመሪያ መሠረት የማደስ ግዴታ ተጣለባቸው፤ የውሃው ዳር ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ተለቀቀ። ዛሬ 280 ሜትር ከፍታ ያለው የዩኦቢ ፕላዛ ማማ፣ ሁለትና ሦስት ፎቅ ባላቸው ባለ ቀይ ሸክላ ጣሪያ ቤቶች ራስ ላይ ቆሞ የሚታየው በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ሰፈሮች መንገድ ተለያየ፤ የተለያየውም በባለቤትነት ምክንያት ነው። ክላርክ ኪ በጥቅል ለአንድ አልሚ ኩባንያ ተሰጥቶ በዲሴምበር 1993 ተከፈተ። አንድ ባለቤት ስላለው የትኛው ተከራይ የት እንደሚቀመጥ ይወስናል፣ ሲያረጅበት በአንድ ጊዜ ያድሰዋል፤ በ2006 በጎዳናዎቹ ላይ ጥላና ነፋስ የሚሰጥ ግዙፍ ጣሪያ የተተከለውም በዚህ አቅም ነው። ቦት ኪ በተቃራኒው በብዙ ባለቤቶች እጅ ቀረ። እያንዳንዱ የራሱን ቤት ለከፈለው ሁሉ ስለሚያከራይ፣ ተመሳሳይ የባሕር ምግብ ቤቶች ተጠጋግተው ተከፈቱ፤ ፉክክሩ ሲጦፍ መንገደኛውን እጁን ይዞ የሚጎትት ደንበኛ ጠሪ በየበሩ ቆመ፤ ይህም ቱሪስቶች ደጋግመው የሚያማርሩበት ጉዳይ ሆነ። እንደ እኔ አመለካከት ግን ሥርዓት ያጣው ሰፈር አንድ ነገር አትርፏል። በክላርክ ኪ የአንድ ውሳኔ ስሕተት መላውን ሰፈር ይነካል፤ በቦት ኪ አንዱ ሲዘጋ ከጎኑ ያለው ይቀጥላል፣ ከፎቁም ላይ ትንንሽ ቢሮዎች ቦታ ያገኛሉ። በወረርሽኙ ጊዜ፣ ከማርች 2020 እስከ ኤፕሪል 2022 የምሽት ክበቦች ሲዘጉ፣ በምሽት ንግድ ላይ ብቻ የተደገፈ ሰፈር ምን ያህል እንደሚጎዳ ታይቷል።

ወንዙ ማጠራቀሚያ ሲሆን

በ2008 በማሪና የባሕር አፍ ላይ 350 ሜትር ስፋት ያለው ግድብ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ቦት ኪ ፊት ለፊት የሚታየው ውሃ አይሸሽም፣ አይሞላም፤ ደረጃው ቀኑን ሙሉ እኩል ነው። የባሕሩ ጨው በዝናብ ውሃ ቀስ በቀስ ተተክቶ፣ በ2010 ማጠራቀሚያው የጨው አልባ ውሃ ምንጭ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ተፋሰሱም ከሀገሪቱ የየብስ ስፋት አንድ ስድስተኛውን ያካልላል። የዚህ ለውጥ ክብደት ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። እስከዚያ ድረስ ወንዝ ዳር ቆሻሻ የጣለ ሰው የሚበድለው ጎረቤቱንና ባሕሩን ነበር፤ አሁን ግን የጣለው ነገር የሚገባው ተጣርቶ ወደ ቧንቧ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ነው። በ1977 ዓሣ ለማጥመድ ተብሎ የተጀመረው ጽዳት የመጠጥ ውሃ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ኦተር የሚባሉት ዓሣ በል የውሃ እንስሳት ከነግልገሎቻቸው በወንዙ ዳር ሲዋኙ መታየታቸው የተለመደ ሆኗል።

በካቬና ድልድይ አጠገብ፣ ወንዙ ውስጥ ለመዝለል የተዘጋጁ ልጆችን የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት ከ2000 ጀምሮ ቆሟል። የጀልባዎቹ ዘመን ልጆች በእርግጥ ይዘልሉ ነበር፤ ውሃው በጠራበት በዚህ ዘመን ግን በማጠራቀሚያው ውስጥ እንደ ፈለጉ መዋኘት አይፈቀድም። ዓይን የተሣለባቸው ጀልባዎችም አልጠፉም፤ ጥቂቶቹ መቀመጫ ተገጥሞላቸው ቱሪስት ያመላልሳሉ።

አሁን በወንዙ ዳር ያለው ዋነኛ ቅሬታ ሽታ መሆኑ ቀርቶ ድምፅ ሆኗል። ሮበርትሰን ኪ ላይ የቆዩ መጋዘኖች በመኖሪያ አፓርታማዎችና በሆቴሎች ከተተኩ በኋላ፣ ለወንዙ እይታ ብሎ ውድ ቤት የገዛው ነዋሪ፣ ለዚያው እይታ ብሎ በረንዳ ላይ ከሚያመሸው ደንበኛ ጋር ተጋጨ። ከዚህ ይበልጥ የከረረው ክላርክ ኪ አጠገብ በ1889 በተሠራው በሪድ ድልድይ ላይ ነው። በድሮው ጊዜ ኩሊዎችና ጀልበኞች ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እዚያ ተሰብስበው፣ በእናት ቋንቋቸው በቴቹ የሚተርክላቸውን ተራኪ ያዳምጡ ነበር። በኋላ ግን የመጠጥ ቤቶቹ ዋጋ የከበዳቸው ወጣቶች ከሱቅ የገዙትን ርካሽ መጠጥ ይዘው ድልድዩ ላይ ማምሸት ጀመሩ፣ ጠዋት ጠርሙሱና ቆሻሻው ይቀራል፤ የነዋሪውም አቤቱታ በዛ። በ2015 የወጣው የመጠጥ ቁጥጥር ሕግ በመላ ሀገሪቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ድረስ በአደባባይ ስፍራ አልኮል መጠጣትን ከልክሏል። ኩሊዎቹ ተረት ሲሰሙ ያመሹበት በነበረው ድልድይ ላይ፣ ዛሬ በዚያ ሰዓት ጠርሙስ ከፍቶ መቀመጥ ያስቀጣል።